«ሾኩ ሞቷል» አትበሉኝ፦ ዝቅ ስለተደረጉ አሮጌ ፒክአፖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ ዳትሰን ወይም ሂሉክስ ገዝቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ቸርኬ ቀይሮ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ያወረደ ወጣት ጋራዣችን አይጠፋም። አልክድም፣ ያምራል። ሰርግ ላይ ካሶኒው ላይ ቪዲዮ ቀራጭ ጭኖ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት ሲሄድ እኔም ዞር ብዬ አያለሁ። ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ወርዶ ሲመለስ ግን ሾፌሩ ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። ወገቡን መያዙ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ፣ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ መምጣቱ ነው።

«ጋሼ፣ ሾኩ ሞቷል፤ ጠንከር ያለ ቀይርልኝ።»

ይህችን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ስለዚህ ከእርሷ ልጀምር።

ሾክ አብዞርበር መኪና አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ቅጠል)፣ ሞላው (ጥምዝምዙ ብረት) ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠማዘዘ የሚሸከመው ዘንግ) ነው። የሾክ ሥራ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ውዝዋዜውን ማብረድ ብቻ ነው። ሾክ የሞተ እንደሆነ መኪናው ይንሳፈፋል፤ ጉብታ ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣል፣ ይወድቃል። አንተ የምታማርረው ግን «ጓ!» ብሎ አከርካሪህ ላይ ስለሚወጣው ምት ነው። እሱ ሌላ በሽታ ነው። አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ ሻንሲው ሥር ያለችውን ማረፊያ ጎማ (ብረት ብረትን እንዳይመታ የተቀመጠችውን ትንሽ ላስቲክ) እየመታ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ፋብሪካው አክስሉ ወደ ላይ እንዲወጣ 12 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ትቶልህ ነበር እንበል። አንተ 9 አወረድህ። የቀረህ 3 ነው። ኮብልስቶን ላይ አንዲት የተነቀለች ድንጋይ የተወችው ጉድጓድ እንኳ ከዚያ በላይ ትጠይቃለች። ማረፊያዋ ጎማ ከተነካች በኋላ ባሌስትራ የሚባል ነገር የለህም፤ መኪናው በሙሉ የተቀመጠው በጣት ቁመት ጎማ ላይ ነው። ሚሊዮን ብር የወጣበት ሾክ ብታስገባ ያጣኸውን 9 ሴንቲ ሜትር አይመልስልህም።

ጠንካራ ሾክ ደግሞ ጭራሽ ያባብሰዋል። ኮብልስቶን ትንንሽና ፈጣን ምት ነው፤ ጠንካራ ሾክ ለፈጣን እንቅስቃሴ እምቢ ስለሚል እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ ጋቢና ያስገባታል። ቁመቱ የፋብሪካው ከሆነም ሌላ ጣጣ አለ፦ መኪናው ስለወረደ ዘንጉ ገና ቆመህ ሳለ ግማሽ ገብቷል። ትንሽ ሲጨመቅ ውስጡ መጨረሻውን ይመታል፤ ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ማሠሪያው ይገነጠላል። «ሞተ» የምትለኝ ሾክ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ አይደለም፣ ተገድሎ ነው። አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ልጅ ዳትሰን 620 ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራው፣ ፊቱ ቶርሽን ባር፣ ኋላው ባሌስትራ የሆነው። ከአዲስ አበባ ውድ ሾክ አስመጥቶ አስገብቷል፤ ምቱ ግን ብሶበታል። ጠመኔ በውኃ አራስሁና ማረፊያዋን ጎማ ቀባሁለት። ማራኪ ደርሰን ስንመለስ ጠመኔው አክስሉ ላይ ታትሟል። ሌላ ምርመራ አላስፈለገም። አክስሉና ባሌስትራው መካከል ያስገባውን ብረት በቀጭን ተክቼ 4 ሴንቲ ሜትር አነሣሁት፤ ማረፊያዋን በአጭርና ለስላሳ ጎማ ቀየርሁ፤ ለቁመቱ የሚሆን አጭር ሾክ አስገባሁ። «ጋሼ፣ ቁመናው ተበላሸ እኮ» አለኝ። ቁመና ብቻ የሚፈልግ ሰው ፎቶ አንሥቶ መኪናውን ያቁመው።

ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ሜትር አውጣ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፤ ሁሌ የሚቀመጠው ሰው ይቀመጥበት፤ ከዚያ ከአክስሉ እስከ ማረፊያዋ ጎማ ለካ። አራቱንም ጎን ለየብቻ። እኔ ከ7 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ «ምቾት እሰጥሃለሁ» ብዬ ሥራ አልቀበልም። ማረፊያዋን ነቅሎ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ብረት ብረትን ሲመታ ሻንሲው ይሰነጠቃል።

«ባሌስትራ መቀነስ ያወርዳልም፣ ያለሰልሳልም።»

ግማሹ እውነት ነው፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሂሉክስ ባሌስትራ ወደ 10 ኩንታል እንዲሸከም የታሰበ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ መዝለሉ አይገርምም። ጭነት ለማይነካ መኪና አንድ ሁለት አጭር ቅጠል ማውጣት ያለሰልሳል። ነገር ግን ሦስት ጓደኞችህን ካሶኒው ላይ ስትጭን ማረፊያው ላይ ቁጭ ይላል፤ ፍሬን ስትይዝም አክስሉ ይጠማዘዛል። ጫፉ የተጠቀለለው ዋናው ቅጠል ደግሞ በፍጹም አይነካም።

ብዙ ሰው የማያየው ግን በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ዝገት ነው። የዛጉ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ተናክሰው ስለሚይዙ ትንሽ ምት አያንቀሳቅሳቸውም። ፍታው፣ በብረት ብሩሽ ጥረገው፣ ጫፎቹ ላይ ቀጭን ጠንካራ ፕላስቲክ አስገባበት። ግሪስ ብቻ ከቀባኸው በበጋ አቧራውን ሰብስቦ ሞረድ ይሆንብሃል።

መኪናውን አክስሉና ባሌስትራው መካከል በሚገባ የብረት ጉማጅ የምታወርድ ከሆነም መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ እይ። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ጉማጁ ያወርደዋል። ከአክስሉ በላይ ከተቀመጠ ያው ጉማጅ ያስነሣዋል! እንጨት ጠርቦ ያስገባም አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ምንም አልልም። ካወረድህ በኋላ አዲስ ንዝረት ከመጣ ደግሞ ጎማ ባላንስ ከማሠራትህ በፊት የክሮቸራውን (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ማዕዘን አስለካ።

«ሞላ ቢቆረጥ ይለሰልሳል።»

ተቃራኒው ነው። የሚሠራው ጥምዝ 8 ከሆነና አንዱን ከቆረጥህ የቀረው 14 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ቦታውን ቀንሰህ ጥንካሬውን ጨመርህ ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የተሠራ ሞላ ካላገኘህ አትንካው። በኦክስጅን እሳት አሙቆ ማስቀመጥማ ብረቱን መግደል ነው፤ ዛሬ 5 ሴንቲ የወረደው ነገ በራሱ ጊዜ 8 ይሆናል።

«ቶርሽን ባሩን ማላላት ያለሰልሳል።»

አያለሰልስም። ቁመቱ ይወርዳል፤ የባሩ ጥንካሬ ያው የነበረው ነው።

«ካሶኒው ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጣልበት።»

ፋብሪካው ባወጣው ቁመት ላለ መኪና ይሠራል፤ ክብደት ሲጨምር ውዝዋዜው ይዘገያል። ዝቅ የተደረገ መኪና ላይ ግን የቀረችህን 3 ሴንቲ ሜትር ይበላታል።

«ጎማውን ትንሽ አርግበው።»

ጎሚስታው ራሱ ይህን ይመክራል፣ ወይ ጉድ! የጎማ ጎን በራሱ ሞላ ነው። 17 ወይም 18 ኢንች ቸርኬ አስገብተህ የጎማውን ጎን ሁለት ጣት ካደረግኸው በኋላ ንፋስ ብትቀንስ ቸርኬህ ኮብልስቶኑ ላይ ይጣመማል፤ ጎማውም ይሞቃል። ከመጀመሪያው 14 ኢንች ቸርኬ ላይ ወፈር ያለ ጎማ ብታስገባ ከየትኛውም ሾክ የበለጠ ለውጥ ታያለህ፤ ርካሽም ነው። ግን ማን ይሰማል?

«ጎሚኒው አዲስ ነው፤ እሱን ተወው።»

ጎሚኒ ማለት የባሌስትራውና የክንዶቹ ማሠሪያ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው። አዲስ መሆኑን አልጠየቅሁህም። ሲጠብቅ መኪናው የት ነበር? ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ ጎሚኒው በዚያ አቀማመጥ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ልክ እንደ ተጠመዘዘ እርጥብ ልብስ ሆኖ ይቀራል፤ በሄድህ ቁጥር ይታገልሃል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። በእጅ አስገብተህ ዳዶውን ላላ አድርገህ ተወው፣ መኪናውን በአራት ጎማው አቁመው፣ ወዝወዝ አድርገው፣ ከዚያ ሥር ገብተህ አጥብቅ። ያለ ምንም ዕቃ ግዢ፣ በዚህ ብቻ ግማሽ ድርቀቱ የለቀቀው መኪና ከጋራዣችን ወጥቷል።

«ቦታ ካጣ ሻንሲውን ቆርጠን እናስፋዋ!»

ይህ ስህተት አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ስህተቱ «ቆርጠን» ላይ ማቆሙ ነው። ከአክስሉ በላይ ያለው ቦታ ጭነት ሲበዛ ሻንሲው የሚታጠፍበት ነው። የሚቆረጠው በግማሽ ክብ እንጂ በማዕዘን አይደለም፤ ስንጥቅ ከማዕዘን ይጀምራልና። ከተቆረጠው ክፍል በሁለቱም ጫፍ የሚያልፍ ወፍራም ላሜራ ይበየድበታል፤ ግራና ቀኙም እኩል መሆን አለባቸው። ካሶኒው ሳይነሣ፣ የፍሬን ቱቦና የነዳጅ መስመሩ ሳይፈታ፣ የባትሪው ገመድ ሳይነቀል ብየዳ የሚጀምር ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።