ሁለተኛው ማሻሻያ ምንድን ነው? አሜሪካ ጠመንጃን ለምን እንደሌሎች አገሮች አትከለክልም?

አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች ወይም ገበያተኞች በጥይት ባለቁ ቁጥር አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ «መንግሥት ለምን አይከለክልም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በ1791 የጸደቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። በእንግሊዝኛ 27 ቃላት ብቻ ያሉት ይህ ዓረፍተ ነገር የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ ይባላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በሚገባ የተደራጀ ሚሊሺያ ለነፃ አገር ደኅንነት አስፈላጊ በመሆኑ፣ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይደፈርም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ይህን የጻፉት ሰዎች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ተዋግተው ነፃ የወጡ ናቸው። ጦርነቱም የተጫረው ትጥቅ ለማስፈታት በተደረገ ዘመቻ ነው። በኤፕሪል 1775 የእንግሊዝ ወታደሮች ኮንኮርድ በምትባል ከተማ የአካባቢው ሰው ያከማቸውን ባሩድና መሣሪያ ሊወስዱ ከቦስተን ተነሡ፤ ሌክሲንግተን ሲደርሱ ታጣቂ ገበሬዎች ጠበቋቸውና ተኩስ ተከፈተ። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ጣሊያን የገበሬውን ጠመንጃ ሲያስፈታ፣ አርበኛውም አልሰጥም ብሎ ጫካ ሲገባ ከአያቶቹ አፍ የሰማ ሰው የእነዚያን ሰዎች ስሜት ለመረዳት አይቸገርም። መሣሪያህን የሚቀማህ መንግሥት ነገ ምን እንደሚያደርግህ አታውቅም የሚለው ስጋት እኛም አገር የቆየ ነው።

ክርክሩ ያለው ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ክፍል ስላለው ነው። ፊተኛው ስለ ሚሊሺያ ይናገራል፣ ኋለኛው ስለ ሕዝቡ መብት። ታዲያ መብቱ የተሰጠው ለግዛቶቹ ሚሊሺያ ነው ወይስ ቤቱ ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ ዜጋ? የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ወደ መጀመሪያው ያደሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1939 አፈሙዙ ስለተቆረጠ ጠመንጃ በቀረበለት ክስ፣ ይህ መሣሪያ ከሚሊሺያ ጋር ያለው ግንኙነት አልታየኝም ብሎ መሣሪያውን የሚቆጣጠረውን ሕግ አጸና።

ነገሩን የገለበጠው በዋሽንግተን ዲሲ የተነሣ ክስ ነው። ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪው ሽጉጥ ቤቱ እንዳያስቀምጥ ትከለክል ነበር። ረጅም ጠመንጃ ቢኖረው እንኳ ፈታትቶ ወይም ምላጩን ቆልፎ ማስቀመጥ ነበረበት። ዲክ ሄለር የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ቀን ቀን ሽጉጥ ታጥቆ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ይጠብቃል፤ ማታ ግን ለገዛ ቤቱ ሽጉጥ ላስመዝግብ ሲል ከተማዋ አልፈቀደችለትም። ከሰሰ። በጁን 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ መብቱ ከሚሊሺያ አገልግሎት ጋር ያልተያያዘ የግለሰብ መብት ነው አሉ። በዚያው ፍርድ ግን መብቱ ገደብ እንዳለው ጽፈዋል፦ ከባድ ወንጀለኞችና የአእምሮ ሕመምተኞች እንዳይታጠቁ፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉት ሕጎች እንዳሉ ይቀጥላሉ። ይህኛው ግማሽ በክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በ2010 ፍርዱ ዲሲን አልፎ ሁሉንም ግዛቶች እንዲገዛ ተደረገ። በ2022 ደግሞ የኒውዮርክ ሕግ ወደቀ። በዚያ ሕግ ሽጉጥ ይዞ ደጅ ለመውጣት የፈለገ ሰው ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዳለው ለባለሥልጣን ማስረዳት ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ሌላ መብት ለመጠቀም ማንም ምክንያት አይጠየቅም፣ ይህም አይጠየቅበትም አለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት አንድን የመሣሪያ ሕግ ለማስጠበቅ ከአገሪቱ የቆየ ታሪክ ተመሳሳይ ሕግ ፈልጎ ማሳየት ይጠበቅበታል። በ2024 ግን በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ሰው እንዳይታጠቅ የሚከለክለውን ሕግ 8 ለ 1 አጽንቷል። ለሴቶች ሕይወት ትልቅ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአገሮች ልዩነት ሥሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አሜሪካም ጃፓንም ጥይት እንደሚገድል ያውቃሉ። የሚለያዩት ማስረዳት ያለበት ማን ነው በሚለው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚከለክለው መንግሥት ያስረዳል፤ በአብዛኛው ዓለም ግን ልያዝ የሚለው ሰው ያስረዳል።

ጃፓንን እንይ። በ1958 የወጣው ሕግ የሚጀምረው መሣሪያ መያዝን በመከልከል ነው፤ ለተራ ሰው ሽጉጥ ጨርሶ አይፈቀድም። የአደን ጠመንጃ የፈለገ ሰው ትምህርት ተከታትሎ የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፣ ተኩሶ ያሳያል፣ የጤና ማስረጃ ያቀርባል። ፖሊስ ስለ ጠባዩና ስለ ቤተሰቡ ያጣራል። ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፣ ፖሊስም መጥቶ ያያል። ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በ2022 ሲገደሉ ገዳዩ የተጠቀመው በእጁ የሠራውን መሣሪያ ነበር።

እንግሊዝና አውስትራሊያ በ1996 የየራሳቸው እልቂት ደረሰባቸው። ደንብሌን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ 16 ሕፃናትና መምህራቸው ተገደሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሽጉጥ በሕግ ተከለከለ። አውስትራሊያ ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከሞተ በኋላ መንግሥት 650,000 ያህል መሣሪያ ከሕዝቡ ገዝቶ አስወገደ። ሁለቱም ይህን ያደረጉት በተራ ሕግ ነው። መንገድ የሚዘጋ የሕገ መንግሥት አንቀጽ አልነበረባቸውም።

የጠመንጃ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ስዊዘርላንድን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ዜጋው ወታደር ነው፣ የሠራዊቱንም ጠመንጃ ቤቱ ያስቀምጣል። ነገር ግን በ2007 መንግሥት በየቤቱ የነበረው የሠራዊት ጥይት ተመልሶ እንዲሰበሰብ ወስኗል። የግል ሽጉጥ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2019 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔም ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጪ ጠበቅ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግፏል። ጠመንጃው አለ፤ አብሮት ያለው ግዴታ ግን ሲጠቀስ አይሰማም።

እኛ አገር ባህሉና ሕጉ ተለያይተው ነው የሚኖሩት። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠር በሬ ሸጦ ክላሽ የሚገዛ ገበሬ ሞልቷል። የአባት ጠመንጃ ለልጅ ይወረሳል፤ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፣ የጀግና ሬሳ ሲወጣ ይተኮሳል። በሕግ በኩል ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (2012 ዓ.ም.) ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። መነሻው እንደ ጃፓን ነው፣ ፈቃድ። የገበሬው መነሻ ደግሞ ለአሜሪካው ይቀርባል፦ መሣሪያው የራሴ ነው፣ ማንም አይነካብኝም። ትጥቅ ይፈታ በተባለ ቁጥር ደም የሚፈስበት አንዱ ምክንያት ይኸው አለመገናኘት ነው።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ አማርኛ አንባቢው እዚያ ብዙ ነውና። ሌሊት በነዳጅ ማደያና በመጠጥ ሱቅ የሚሠራ ወንድማችን ሽጉጥ ባንኮኒው ሥር ላስቀምጥ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን «አሜሪካ ጠመንጃ ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር (ለምሳሌ የአደን ፈቃድ ካለው) ጥይት እንኳ መያዝ አይችልም፤ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖርም እንዲሁ። ፈቃድ ያለው ሻጭ ዘንድ የሚሞላው ፎርም ዜግነትን ይጠይቃል። ማሪዋና ትጠቀማለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል፤ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራል ሕግ ስለማይፈቅድ መልሱ ግዢውን ያስቀራል፣ ውሸቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሌላው ጥያቄ ገዢው በእርግጥ አንተ ነህ ወይ የሚል ነው። «ወረቀት ስለሌለው ለጓደኛዬ ልግዛለት» ማለት ሁለቱንም ያሳስራል።

የግዛት ልዩነትም አለ። ቨርጂኒያ ካለችው ከአርሊንግተን ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ መግባት ደቂቃዎች ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ የያዝከው ሽጉጥ ግን ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ያለ ዲሲ ምዝገባና ፈቃድ ወንጀል ይሆናል። ሜሪላንድ ደግሞ ሽጉጥ ለሚገዛ አብዛኛው ሰው የጣት አሻራና የሥልጠና ማስረጃ ትጠይቃለች።

ከሌባ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉ ናቸው። በእኛ ማኅበረሰብ ጭንቀትና ድብርት በግልጽ አይወራም፤ ልጅ ወይም ባል እንዴት እንደሰነበተ ቤተሰቡ እንኳ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ ሽጉጥ መኖር የለበትም። ልጆቻችሁ ሰው ቤት ሊጫወቱ ሲሄዱ «መሣሪያ ቤታችሁ አለ? የት ይቀመጣል?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ዜግነት ያላገኘ ሰው በመሣሪያ ጉዳይ ቢያዝ ደግሞ ጣጣው ከእስር ያልፋል። በጦር መሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሳይቀር ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ ዓቃቤ ሕግ ቅጣቱን ላቅልልህና ጥፋትህን እመን ቢለው፣ አዎ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግር። ያ «አዎ» ኢሚግሬሽን ዘንድ እንደ ፍርድ ነው የሚቆጠረው።