የአቃቂ ወንዝ፦ የአዲስ አበባ ውሃና የአዲስ አበባ ጎርፍ

አቃቂ የአዋሽ ገባር ነው። ረጅም ወንዝ አይደለም። ጀልባ አይሄድበትም፣ ዘፈንም ብዙ አልወጣለትም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የተቀመጠችው በእሱ ተፋሰስ ውስጥ ነው። የከተማው ሰው ከቧንቧ ሲቀዳም፣ ክረምት ላይ ቤቱ ውሃ ሲገባበትም ጉዳዩ ከአቃቂ ጋር ነው።

ወንዙ ሁለት ነው። ትልቁ አቃቂ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ይወርዳል። ሁለቱ ከከተማዋ በታች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኙና አንድ ሆነው ወደ አዋሽ ይገባሉ። የእንጦጦ ጫፍ ውሃ ለሁለት የሚከፈልበት ነው። በሰሜኑ ፊት የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡቡ ፊት የወረደው ደግሞ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡ እየተባለ ከተማዋን አቋርጦ አቃቂ ይሆናል። የሰፈር ሰው እነዚህን ሁሉ “ወንዙ” ይላቸዋል። መጨረሻቸው አንድ እንደሆነ ብዙም ልብ አይባልም።

አዲስ አበባ የገጸ ምድር ውሃዋን የምታገኘው ከዚሁ ወንዝ ራስጌ ነው። የመጀመሪያው ግድብ ገፈርሳ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በትንሹ አቃቂ ላይ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ። ከተማዋ ስትሰፋ አልበቃም። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ በኩል ለገዳዲ ተጨመረ። ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል። (በኦሮምኛ “ለጋ” ወንዝ፣ “ዳዲ” ጠጅ ነው። የጠጅ ወንዝ እየጠጣን ነው ማለት ነው።) በ1991 ዓ.ም. ገደማ ድሬ ተከተለ። የድሬ ውሃ በቧንቧ ለገዳዲ ድረስ መጥቶ እዚያው ይጣራል።

ሦስቱም ግድቦች ዛሬ ብቻቸውን ከተማዋን አያጠጡም። ከፍተኛው ድርሻ ወደ ከርሰ ምድር ዞሯል። በደቡብ፣ አቃቂ አካባቢ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። ቦታው ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ወደ ከተማዋ የሚወጣው በፓምፕ ነው። ከለገዳዲ በስበት የሚወርድ ውሃና ከአቃቂ እየተገፋ የሚወጣ ውሃ ወጪያቸው አንድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ውሃም ጠፋ የሚባለው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ “መጣች!” ሲባል ተነስቶ ጀሪካን የሚደረድር፣ ሮቶ የሚሞላ ቤት ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ጎርፉ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሬቱ ደግሞ ተዳፋት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አባ ሳሙኤል 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወርደው በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ድሮ ሣርና አፈር ይይዘው የነበረው ዝናብ ዛሬ የሚያርፈው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ነው። አይሰርግም፣ ይሮጣል። እንጦጦ ላይ የዘነበው ታች ሰፈር ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። ታች ፀሐይ ሆኖ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ደራሽ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

የውሃውን ከፍታ ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ክረምት ካለፈ በኋላ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይበቃል። በወንዙ ዳር ያሉት ቁጥቋጦዎች ላይ ፌስታልና ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከአንድ መስመር በላይ ግን የለም። ውሃው የደረሰው እዚያ ድረስ ነበር። አንዳንድ ቦታ ያ መስመር ከዳር ካሉት ቤቶች መስኮት በላይ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን በጣለ ከባድ ዝናብ በከተማዋ ሰባት ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። ጎርፍ በየክረምቱ ከሚጎበኛቸው መካከል ወንዝ ዳር ተጠግተው የተሠሩ ቤቶች ቀዳሚ ናቸው። እዚያ የሚኖር ሰው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ኪራይ አይቀመስም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው “ሸገርን ማስዋብ” ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደ ነበር። የወንዝ ዳር ሥራው ኋላ ላይ በሌሎች ፕሮጀክቶችም ቀጥሏል። ግንብና መናፈሻ ዳሩን ያስከብራል። ከላይ የሚመጣውን ውሃ ግን አይቀንሰውም።

ግድቦቹስ አይዙትም ወይ? እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የተሠሩት ለመጠጥ ውሃ እንጂ ለጎርፍ አይደለም። ለመጠጥ ውሃ የሚያስብ ሰው መስከረምን በሞላ ግድብ መቀበል ይፈልጋል፤ በጋው ረጅም ነው። ጎርፍ የሚፈራ ሰው ደግሞ ነሐሴ ላይ ግድቡ ውስጥ ባዶ ቦታ ቢኖር ይመርጣል። ሁለቱን በአንድ ገንዳ ማስታረቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ግድብ ሲሞላ በር ይከፈታል፣ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም በታችኛው ተፋሰስ ያላችሁ ተጠንቀቁ ብሎ ያስነግራል። ዱላው የሚያርፈው አቃቂ ቃሊቲና ከዚያ በታች ባሉ ገበሬዎች ላይ ነው።

በጋ ላይ ወንዙ ሌላ ሰው ይመስላል። ከሚፈሰው ውስጥ ብዙው የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። በተለይ ትንሹ አቃቂ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ሲቀበል ኖሯል። በዚሁ ውሃ ዳር ለዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ወደ ገበያም ይወጣል። ቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተስፋፋው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ የተወሰነውን ያቃልላል። በቱቦ ያልተያያዘ ሰፈር ግን አሁንም ብዙ ነው።

ሁሉም ተጠራቅሞ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ሐይቁን የፈጠረው ግድብ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነበረው። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከርሞ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ዳግም ተመረቀ። ሐይቁን ደለል ሞልቶታል፣ እምቦጭም ለብሶታል። ከዚህ ያለፈው ውሃ አዋሽን ይዞ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃ ግድብ ይገባል። አዳማ የቧንቧ ውሃዋን የምትቀዳው ከአዋሽ፣ ከቆቃ በታች ነው።