ጅማ ሲመጡ የት ማደር ይሻላል?

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያዋ ተራራና ቡና ነው። በመኪና የሚመጣ ሰው ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ይደርሳል። በአውሮፕላን የመጣ አባ ሰጉድ ኤርፖርት ያርፋል። የሚያድርበትን ቤት ግን ከዋጋው በፊት በመጣበት ጉዳይ ቢመርጥ ይሻለዋል። ከተማዋ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ዝናብ ሲይዝ ሁለት ኪሎ ሜትርም ሩቅ ነው።

አብዛኛው እንግዳ መሀል ከተማ ያርፋል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የተሠሩ ቤቶች ዛሬም አሉ። ካፌውም ባንኩም ቅርብ ነው። ወደ ሂርማታ መርካቶ ሲጠጉ አልጋ ይረክሳል፣ ጫጫታው ግን ይጨምራል። በተለይ ሐሙስ፣ የገበያው ቀን፣ ገና ሳይነጋ ጋሪውና ባጃጁ ይጀምራል። አዛኑም ከንጋት በፊት ይሰማል፤ እኔ ከከተማዋ ድምፆች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ቶሎ የሚነቃ ሰው ግን በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ይጠይቅ።

ለሽርሽር ያልመጣም አለ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁሉ ሕመምተኛ ይመጣበታል። አስታማሚ የሆነ ሰው ማየት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሊት ቢጠሩት በእግሩ መድረስ መቻሉን። እዚያ አካባቢ ያሉት ፔንሲዮኖች ጠባብ ቢሆኑም ለዚህ ይሆናሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ግቢዎቹም የተራራቁ ናቸው። ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። ልጁን ሊያስመርቅ የሚመጣ ወላጅ የትኛው ግቢ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ አልጋም በጊዜ ይያዝ። በምረቃ ሰሞን ማታ ደርሶ ክፍል መፈለግ መከራ ነው።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ማደር አያስፈልግም። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ መውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ይህ ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ተጣድፈው የሚያዩት አይደለም። በጠዋት ቢወጡ ጥሩ ነው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ከታች የከተማዋ ቆርቆሮ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ቡናውን ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ከተማ ውስጥ ባይቆይ እመክራለሁ። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዶ አጋሮ ቢያድር፣ የቡና አገሮቹ ጎማና ጮጬ ቅርቡ ናቸው። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቀይ ፍሬው ሲለቀም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲገላበጥ የሚታየው ያኔ ነው። ማረፊያው ቀለል ያለ ነው፤ በለቀማ ሰሞን ደግሞ ነጋዴውና ሾፌሩ ቀድመው ይይዙታል።

የትም ይሁን የት፣ ክፍሉን ሳያዩ መክፈል አይገባም። አንድ ክረምት ማታ ደክሞኝ ደርሼ፣ ሳላይ ከፈልኩ። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከራስጌዬ በኩል ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አልጋውን ጎትቼ መሀል ላይ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ኮርኒሱን ነው። ቡናማ ክብ ካለበት ያፈሳል ማለት ነው። ቀጥሎ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ መኖሩን እጠይቃለሁ። ሙቅ ውሃ አለ ከተባልኩ እጄን ከሻወሩ ስር አድርጌ እጠብቃለሁ። ጅማ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ልብስም ቶሎ አይደርቅም፤ ብርድ ልብሱን ማሽተትም ነውር የለውም። ወባ ስላለ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ።

ትንንሾቹ ፔንሲዮኖች አንድ ነገር ይበልጣሉ። ጠዋት በረንዳው ላይ ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ ይወጣል፣ ቡናው ይቆላል። እንግዳው ቁጭ ይላል፣ ባለቤቷ አቦሉን ትቀዳለች፣ ወደ ጅሬን የሚወስድ ባጃጅም እዚያው ይጠራለታል።