«ሀክ ተደረግኩ» ማለት ምን ማለት ነው?

ደሴ ፒያሳ ስልክ ጥገና ላይ ከተቀመጥኩ ቆየሁ። «ሀክ ተደረግኩ» እያለ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ከሚያስቀምጠው ሰው መሀል በእውነት ሀክ የተደረገ እስካሁን አልገጠመኝም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «ሀከሮች ቁጥርህን ካወቁ በቃ፣ በኔትወርክ ገብተው ቴሌግራምህን ይወስዱብሃል፣ መፍትሔው ሲም መቀየር ነው» ብሎ ጽፎ ሰው ሲቀባበለው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ቁጥር ማወቅ እኮ ደጅ ማወቅ ነው። ደጅህን ያወቀ ሁሉ ቤትህ ገባ ማለት አይደለም።

አማርኛችን ይሄን ድሮ ለይቶታል። ግድግዳ ቦርቡሮ የሚገባው ሰርሳሪ ነው። በር አስከፍቶ የሚገባው አጭበርባሪ ነው። ሀክ ማድረግ የሰርሳሪው ሥራ ነው፤ የሲስተሙን ቀዳዳ ፈልጎ፣ እናንተ ምንም ሳትነኩ ይገባል። እኛን የፈጀን ግን አጭበርባሪው ነው።

ገጠር ያደገ ያውቀዋል፣ አመሻሽ ላይ ጎረቤት ገል ይዞ እሳት ሊጭር ይመጣል። ማንም «ማነህ?» ብሎ አያስቆመውም። እንግዲህ ሌባው የጎረቤታችሁን ነጠላ ተከናንቦ፣ ድምፁን አስመስሎ «እሳት ልጫር» ቢላችሁስ? መወርወሪያውን ራሳችሁ ታነሱለታላችሁ። ገብቶ ሲያበቃ ደግሞ የእናንተን ነጠላ ተከናንቦ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ባለፈው አንዲት እናት ከሐይቅ መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አብሽሩ እማማ» ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩና መልእክቶቹን ወደ ላይ ገፋሁ። ከወንድማቸው ልጅ አካውንት ጠዋት አንድ ሊንክ ገብቷል፦ «አክስቴ፣ ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ»። ከፍተውታል። ገጹ ስልክ ቁጥር ጠየቃቸው፣ ጻፉ። ሌባው ያንን ቁጥር እዚያው በዚያው እውነተኛው ቴሌግራም ላይ አስገባው። ቴሌግራም ለሳቸው ባለ 5 አሃዝ ኮድ ላከ። ከሥሩ «ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ» ይላል፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው አያነቡትም። ኮዱን ገጹ ላይ ጻፉት። በቃ፣ መወርወሪያው ተነሳ። ከሰዓት በኋላ በሳቸው ስም «5 ሺህ ብር አበድሩኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለዘመድ አዝማድ ተበተነ። ወልዲያ ያለች ምራታቸው ላከች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮዱን ቴሌግራም ላይ ቻት አድርጋችሁ ከላካችሁት ቴሌግራም ራሱ ያከሽፈዋል። ሌባው ይሄን ስለሚያውቅ ነው «ደውዬ ልጠይቅሽ» ወይም «ሊንኩ ላይ ጻፊው» የሚለው።

«ሀክ ነው» የሚለው ወሬ የሚያናድደኝ የተታለለው ሰው ላይ ልፈርድ ፈልጌ አይደለም፤ እኚያ እናት ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ የተታለለ ሰው ተበዳይ ነው። የሚያናድደኝ እጅ አጣጥፎ ስለሚያስቀምጥ ነው። ሀክ ነው ያለ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ «አካውንት አስመልሳለሁ» የሚል ሌላ ሀከር ፍለጋ ይወጣና ብሩንም መታወቂያውንም አስረክቦ ሁለተኛ ይበላል። ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ባለቤት ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ ሌባው ገና እንግዳ ነው፣ እናንተ ግን ልታባርሩት ትችላላችሁ። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዲቫይስስ»፣ ከዚያ ሌሎቹን በሙሉ አስወጣ የሚለውን ቀዩን ጽሑፍ መንካት ነው። የእናታችንን እንዲህ ነው ያስለቀቅነው፤ የማናውቀው ኮምፒውተር ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከዚያ ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አደረግንላቸው፣ የጓዳ ቁልፍ በሉት። ያንንም ሐሰተኛው ገጽ ጠይቆ ከሰጣችሁት ዋጋ የለውም።

ሰርሳሪ የለም እያልኩ ግን አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ላይ ወደ 30 ሚሊዮን አካውንት የተነካው በኩባንያው በራሱ ቀዳዳ ነው፣ ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም። የኛም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትንና ማታለልን ለየብቻ ነው የደነገገው። ከኔ ሙያ ደግሞ አንድ ልጨምር፦ አሮጌ ስልክ ስትሸጡ አካውንታችሁን ሳታወጡ አትስጡ፣ ሲም መጠቀም ካቆማችሁም ቴሌግራሙን ወደ አዲሱ ቁጥር አዛውሩ፤ የተጣለ ቁጥር ጊዜውን ጠብቆ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ የገዛው ሰው ኮዱ ለሱ ይመጣለታል። ያ ሰው ሌባም ሀከርም አይደለም።

እናታችን ከሱቁ ሳይወጡ ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ። አካውንቱ እንደተወሰደበት የሰማው ያኔ ከሳቸው ነው።