ትሬድ ሎካል፦ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ዳታ

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ሜሞሪ ይጋራሉ። ግሎባል ቫሪያብል የሁሉም ነው፤ አንዱ የጻፈበትን ሌላው ያጠፋዋል። ትሬድ ሎካል ለዚህ የተበጀ መላ ነው። የቫሪያብሉ ስም አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ትሬድ የሚያገኘው የራሱን ቅጂ ነው።

የታወቀው ምሳሌ የሲ ቋንቋው ኤርኖ ነው። ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያቀርበው ጥያቄ) ሲከሽፍ የስህተቱ ቁጥር እዚያ ይቀመጣል። ድሮ ተራ ግሎባል ቁጥር ነበር። አንዱ ትሬድ ፋይል መክፈት አቅቶት ምክንያቱን ሊያይ ሲል፣ ሌላው መሃል ገብቶ የራሱን ስህተት ይጽፍበታል። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ኤርኖ ማክሮ (ኮዱ ሲተረጎም በሌላ ኮድ የሚተካ ስም) ነው፤ ከጀርባው ያለው ፈንክሽን የጠሪው ትሬድ የራሱ ኤርኖ ያለበትን አድራሻ ይመልሳል።

ፖዚክስ፣ ማለትም የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የፒትሬድ ቁልፎችን (እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ዳታ የሚያገኝባቸውን) ደነገገ። ዊንዶውስም የራሱ አለው። ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ በ2011 ቋንቋው ውስጥ አስገቡት።

ነገሩ ወግ ማዕረግ ያየው ግን በጃቫ ነው። ትሬድሎካል የተባለው ክላስ በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር ወጣ። የዛሬው አሠራሩ ያምራል። ዳታው ትሬድሎካሉ ውስጥ አይደለም፤ ማፑን (ቁልፍን ከቫሊዩ፣ ማለትም ከዳታው፣ የሚያጣምረውን ሰንጠረዥ) የያዘው ራሱ ትሬዱ ነው፣ ትሬድሎካሉ ቁልፍ ብቻ ነው። ሌላ ትሬድ ማፑን ስለማይነካ ሎክ (ተራ ማስጠበቂያ ቁልፍ) አያስፈልግም። ለምሳሌ ሲምፕልዴትፎርማትን (ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን የጃቫ ክላስ) ትሬዶች ሲጋሩት ቀኑ ይዘበራረቃል፤ ጃቫ 8 በ2014 የተሻለ እስኪያመጣ ድረስ ብዙ ሰው ለየትሬዱ አንዳንድ እያደለ ሠርቷል።

ጣጣው ትሬድ ፑል (ትሬዶች ተዘጋጅተው ደጋግመው የሚሠሩበት ስብስብ) ላይ ነው። የሰርቨር ትሬድ ሪኩዌስት ጨርሶ አይሞትም፣ ወደ ፑሉ ይመለሳል። የአበበ ሎግኢን ካልጸዳ ቀጥላ የመጣችው አልማዝ እንደ አበበ ልትቆጠር ትችላለች። ሜሞሪም ይከማቻል፤ ማፑ ቁልፉን በዊክ ሬፈረንስ (ከሜሞሪ እንዳይጠረግ በማያግድ ላላ መያዣ) ቢይዝም ቫሊዩውን ግን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ፋይናሊ (ሥራው ቢሳካም ባይሳካም የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ሪሙቭን (ማጽጃውን) መጥራት ነው። ይህን በጃቫ የሚያላክኩ አሉ፤ ጥፋቱ ያላጸዳው ሰው ነው።

ጃቫ 21 በ2023 ቨርቹዋል ትሬድ (በብዛት ሊፈጠር የሚችል ቀላል ትሬድ) ሲያመጣ ሚሊዮን ትሬድ ማለት ሚሊዮን ቅጂ ሊሆን ሆነ። ስኮፕድ ቫሊዩ (በተወሰነ የኮድ ክልል ብቻ የሚታይ፣ የማይቀየር ቫሊዩ) የተባለው አማራጭ በ2025 በጃቫ 25 ጸደቀ። ትሬድሎካልን ይተካዋል የሚሉ አሉ፤ ምናልባት ለአዲስ ኮድ ይሆን ይሆናል። ፓይተን ከ2.4 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር አለው። የጎ ቋንቋ ግን ሆን ብሎ ትቶታል፤ ኮንቴክስት (የሪኩዌስቱን መረጃ የያዘው ዕቃ) ከፈንክሽን ወደ ፈንክሽን በግልጽ እየተላለፈ እንዲሄድ ይፈልጋል።