ከዊልቸር ተነስቶ የቆመ ሰው አስመሳይ ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ባጭሩ፦ አይደለም። ዊልቸር የሚጠቀም ሁሉ እግሩ ሽባ አይደለም። ብዙዎች ጥቂት ይራመዳሉ፤ ጣጣው ርቀቱና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ምክንያቱ እንደ ሕመሙ ይለያያል። መልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን የሚጎዳ ሕመም) ያለበትን ሰው ሙቀትና ድካም እግሩን ያዝሉታል። ፖትስ (POTS፤ ሰው ሲቆም ሰውነቱ የልብ ምትንና የደም ዝውውርን በአግባቡ መቆጣጠር የሚያቅተው ሕመም) ያለበት አዋቂ በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ራሱን ያዞረዋል፣ አንዳንዴም ይስታል። ጠዋት ደረጃ የወጣ ሰው ከሰዓት መቆም ሊያቅተው ይችላል።

አንዲት ሴት ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ልታወርድ ነው እንበል። ሁለቱንም ፍሬን ትይዛለች፣ የእግር ማሳረፊያውን ታጥፋለች (ረግጣው ብትነሳ ዊልቸሩ ወደፊት ሊገለበጥ ይችላል)፣ የእጅ መደገፊያውን ተጭና ትቆማለች፣ ዕቃውን አንስታ ትቀመጣለች። ተመልካች «ድናለች!» ይላል። የታየው ግን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው።

የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ መስፈርቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሆኖም በብዙ አገር ጭራሽ መራመድ አለመቻልን አይጠይቅም።

ደግሞ ባዶ ነው ብላችሁ ዊልቸሩን አታንቀሳቅሱት፤ ባለቤቱ የተወው የመመለሻ እርምጃውን ለክቶ ነው።