«ሳይሰፉ አሰናበቱን»፦ ስለ ዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር የዓይን ሕክምና ወረፋ ላይ፣ ታካሚው ከዘጌም ይምጣ ከደቅ፣ ወሬው አንድ ነው፦ ስለ ምላጩና ስለ ሌንሱ።

«ዓይንን አውጥተው፣ አጥበው ይመልሱታል።» ዓይን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከጀርባው ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ሞራውም ላዩ ላይ የበቀለ ቆዳ አይደለም፤ ከብሌኑ ጀርባ ያለው የራሳችን ሌንስ ነው የደፈረሰው፤ በቀዶ ጥገናው እሱ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል።

«ካልሰፉት ቁስሉ ክፍት ነው።» በዚህ የሚፈራ ሰው አይፈረድበትም። ድሮ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይቀደድ ስለነበር ያለ ክር አይሆንም ነበር። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚሠራው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በማሽን ሲሆንና ተጣጥፎ የሚገባ ሌንስ ሲኖር ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ቁም ነገሩ ግን አካሄዱ ላይ ነው። ምላጩ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በነጩ ክፍል ውፍረት መሐል አግድም ተጉዞ፣ ፊት ለፊት ካለው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል ሲደርስ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። የዓይን ፈሳሽ ከውስጥ ሲገፋ የቀዳዳውን ውስጠኛ ከንፈር ይጫነዋል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከውስጥ ሲገፉት እንደሚዘጋ ማለት ነው። ሐኪሙ ማፍሰስ አለማፍሰሱን አይቶ ነው የሚጨርሰው፤ ካፈሰሰ ይሰፋዋል።

«ሌንሱ አርጅቶ ይቀየራል።» አይቀየርም፣ ዕድሜ ልክ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሌይ የመጀመሪያውን በ1949 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ የጦር አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይኑን እንዳላስቆጣ አስተውሎ ነው። ሌንሱ የሚቀመጠው የድሮው ሌንስ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ሊደፈርስ ይችላል፤ ሰው «ሞራው ተመለሰ» የሚለው ይህንን ነው። በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

«ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ።» የቆየ ሞራ ይደድራል፣ አንዳንዴም የዓይን ግፊት ያስነሳል። እይታው ሥራ ከከለከለ በቂ ነው።

«ከዚያ ወዲያ መነጽር የለም።» ሌንሱ ዓይን ተለክቶ የሚመረጥ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ለሩቅ ነው። ዳዊት ለመድገም የቅርብ መነጽር ያስፈልጋል።

«ጠበል ቢረጩበት ቶሎ ይድናል።» ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣናም ሆነ የጠበል ውኃ ዓይኑን አይንካው፤ ገላ መታጠቢያው ከአንገት በታች ይሁን። ዓይኑ አይታሽ፣ ጠብታውም አይቋረጥ። ሕመም ከበረታ፣ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መመለስ ነው።